እማዬ ማለት ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 4

ለእትዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና እንዳልሆንሽ ከጻፍሽልኝ ገብቶኛል። «ልጅሽን መቼ ነው የምትወስጃት? ቁርጡን ንገሪኝ» ብለሻል። እሺ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። አልወስዳትም። አልችልም። ሕጉ ተለውጧል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድንቡሼ አጠገብሽ ሆና ጆሮዋን ስለምትቀስር ነው። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት እናትሽ አትወስድሽም ሲባል ትስማ? ከእንግዲህ ክፉ ክፉውን በደብዳቤ፣ ደግ ደጉን በስልክ እናድርገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የመጣሁበት ቪዛ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች የሚሰጥ ነው። ስመጣ ሕጉ ልጅ ማስመጣት ይፈቅድ ነበር፤ የሚያስፈልገው የቀጣሪዬ ፊርማ ብቻ ነው። ቀጣሪዬን ነግሬሻለሁ፤ የአረጋውያን መኖሪያው ባለቤት፣ እኛ ሠራተኞቹ «ወይዘሮ ሕጉ ነው» ያልናት። ፈቃድ ስትጠይቂያት «ሕጉ ነው»፣ ፈረቃ ሲደራረብብሽ «ሕጉ ነው»፤ ጓንት ሲያልቅ እንኳ የጨረሰው ሕጉ ነው። ይህቺ ሴት ፊርማዋን ዛሬ ነገ ስትለኝ ከረመች። «የሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ጸሐፊዬ አልገባችም»፣ «ራሴን አሞኛል»። እኔ ሞኟ ደግሞ የቢሮዋ በር ላይ ቆሜ አመሰግናለሁ እላታለሁ! ከዚያ አንድ ቀን ስንነቃ ሕጉ ወጥቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ተንከባካቢ የሆነ ሰው ቤተሰቡን ማስመጣት አይችልም ተባለ። አለቀስኩና ዕድሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ትናንት ግን ወጥ ቤቷ ጓዳ ውስጥ ድንች እየላጠች የነገረችኝ ነገር ሌላ ነው። ወይዘሮ ሕጉ ነው ለሒሳብ ሠራተኛዋ «ልጆቻቸው ከመጡ ልጄን አተኮሳት፣ ትምህርት ቤት ተጠራሁ እያሉ ይቀሩብኛል። ሕጉ ሊለወጥ ነው፤ ትንሽ ብጎትተው ይገላግለኛል» ብላ ስትስቅ በጆሮዋ ሰምታታለች። ስትስቅ፣ እትዬ! እኔ በር ላይ ቆሜ ሳመሰግናት እሷ ውስጥ ሆና ትስቃለች።

ደሜ ፈልቷል። ሥራውን ጥዬ እንዳልወጣ ቪዛዬ የታሰረው በእሷ ስም ነው፤ ካባረረችኝ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘሁ አገሩን ልቀቂ እባላለሁ። ስለዚህ ጥርሴን እያሳየኋት ነው። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ እላታለሁ። ብድሬን ግን እመልሳለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እመልሳለሁ። ልጄን ከለከለችኝ፤ እኔም አንድ ነገር እከለክላታለሁ።

እህትሽ እሳቷ

ኅዳር 9

ለእሳቷ እህቴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ስፌት ተደራርቦብኝ ከመኪናዬ ላይ ቀና አላልኩም። ድንቡሼም ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፤ ደንግጠሽ እንዳትደውዪ።

ያቺ ሴት የሠራችሽን ሳነብ እኔም አለቀስኩ። እንዴት አባቷ ብትደፍር! ግን ብድሬን እመልሳለሁ ያልሽው አስፈራኝ። አንቺን አውቅሻለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ደብተርሽን ስለቀደደ ጫማውን ከወለሉ ጋር በሙጫ ያጣበቅሽ ልጅ ነሽ። እናቱ በቢላ ስትፈቀፍቅ የዋለችውን አልረሳሁም። ይሄኛው ጫማ አይደለም። ቪዛሽን ታጪያለሽ፣ እዚህ መጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ? እባክሽ እየተበሳጨሽም ቢሆን ሥራሽን ያዢ።

ፎቶ ለምን አትልኪም ላልሽኝ፣ ድንቡሼ አልነሳም ብላ ነው። ዐመሏን ታውቂዋለሽ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት።

ምን ብላ ነው የምትጠራሽ ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ አስቆኛል። ምን ትለኛለች ብለሽ ነው? እትዬ ነው የምትለኝ፣ እንዳንቺው። ስትሄጂ አፏን እንኳ አልፈታችም ነበር፤ አሁን ማን ያስቁማት! ወፍጮ ናት።

ስለ እኔ የምነግርሽ የለኝም። ለአንድ ዓመት ብለሽ ሄደሽ ይኸው አራተኛው ገባ። ቤታችን እንደ ድሮው ሰው አይመጣበትም። እኔና ልጅቷ ነን።

እህትሽ

ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ወሬው ምላሴን እያሳከከኝ ነው።

የወይዘሮ ሕጉ ነው እናት መጣች! እቤቷ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ፣ ሐሳቧም እየተበተነ ስለሆነ እኛው ጋ አስገባቻት። በአትክልቱ በኩል ያለውን ክፍል፣ አዲሱን ፍራሽ፣ ሁለት መጋረጃ። ከዚያ እኔን ቢሮዋ ጠርታ፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። «ካንቺ የተሻለ እጅ የለኝም፤ እናቴን አደራ» አለችኝ። አደራ! ይህን ቃል ከየት አመጣችው? አደራ ያልኳትን የልጄን ፊርማ የት አድርሳ!

ምን አሰብሽ ብለሽ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። መጀመሪያ ያሰብኩት ክፉ ክፉውን ነው። ሾርባዋን አቀዝቅዤ ብሰጣት፣ ደወል ስትደውል ጆሮ ዳባ ልበስ ብል፣ የረጠበ አንሶላ ላይ ትንሽ ባቆያት። አልሆነልኝም። አሮጊቷ ምን አድርጋኝ? ደግሞም የምትጎዳው እሷ እንጂ ልጇ አይደለችም።

ከዚያ ይሄ ሆነ። ገላዋን ሳጥባት እግሯ አዳለጣትና ልትወድቅ ስትል፣ ክንዷን ቀለብኩና በድንጋጤ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። እንደምንጮኸው ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? አሮጊቷ የመታጠቢያው ወንበር ላይ ሆና ደረቴን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «እማዬ? ስምሽ ነው?» አለችኝ። እዚህ ቤት ስሜን አስተካክሎ የጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም እንደ ጠጠር እያኘከ ነው የሚተፋው። «አዎ፣ ስሜ ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መተላለፊያው ሙሉ «እማዬ! እማዬ የታለች?» ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ለመዱት። የዘጠና ዓመት ሰውዬ እማዬ ይለኛል፣ እስቲ አስቢው!

አንድ ጠዋት እንዲህ ስትጠራኝ ነው ዘዴው ብልጭ ያለልኝ። ቀላል ነው። አሮጊቶች የሚጠሉትን እኛ እናውቃለን፤ ክኒን፣ ጥፍር መቆረጥ፣ ገላ መታጠብ፣ ከሞቀ አልጋ መነሳት። የሚወዱትንም እናውቃለን፤ ፀጉር መበጠር፣ እግር መታሸት፣ አንዱን ወሬ አሥር ጊዜ እንደ አዲስ መስማት። ወይዘሮ ሕጉ ነው እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ «ክኒኑን እርስዎ ቢሰጧቸው ይሻላል፤ ከልጅ እጅ ደስ ይላቸዋል» እላታለሁ። ጥፍሯንም፣ ገላዋንም እንደዚሁ። እሷም እንዴት ያለች አሳቢ ሠራተኛ አለችኝ ብላ እጅጌዋን ትሰበስባለች። አሮጊቷ ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች፣ ትሰድባታለች። ልጅቷ እጇን አጥባ ስትወጣ ማበጠሪያውን ይዤ እገባለሁ።

ልጄን ወሰደችብኝ፤ እናቷን እወስድባታለሁ። አንዲት ክፉ ቃል ሳልናገር። በምን ልትከሰኝ? በደንብ ተንከባከበች ብላ?

እሳቷ

የካቲት 2

እትዬ፣

«አታፍሪም ወይ» ብለሽ ጽፈሻል። አላፍርም። «አይከብድሽም ወይ» ላልሽው ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አልፎ አልፎ ይከብደኛል። አሮጊቷን ወደድኳታ! መውደድ ሲያስመስሉትም ይጋባል ለካ። በወጣትነቷ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ አሁን አልጋዋ ባቡሩ ሆኗል። ክፍሏ የሚገባውን ሁሉ «ትኬት!» ትላለች። እኔ ከኪሴ የናፕኪን ቁራጭ አውጥቼ እሰጣታለሁ፣ በጥፍሯ ቀደድ አድርጋ ትመልስልኛለች፣ ከዚያ ፊቷ ይበራል። ልጅቷ ይህን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። «እናቴ፣ እኔ ነኝ እኮ» እያለች እጇን ባዶ አድርጋ ትገባለች፤ «ያለ ትኬት የገባ ይውረድ!» ብላ በትራስ ታባርራታለች።

ያን ቀን ግን አንጀቴን ያራሰው ሌላ ነው። ወይዘሮ ሕጉ ነው አበባ ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናትየዋ ዐይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል «ይህቺን ሴትዮ አስወጪልኝ፣ እማዬ። ሁልጊዜ መጥታ የምታሳምመኝ እሷ ናት» አለች። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። መተላለፊያው ላይ ተከትላኝ ወጣችና «ምን ብላ ነው የምትጠራሽ? ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«እናት ማለት ነው» አልኳት።

እኛ ዘንድ እናት ልጇን ስታቆላምጥም እማዬ እንደምትል አልነገርኳትም። ለምን ብዬ! ይጠዝጥዛት። እኔን ስንት ዓመት ሲጠዘጥዘኝ ቆይቷል።

ድንቡሼ ለሦስተኛ ጊዜ ስልኩን አልወስድም ያለችው ለምንድን ነው? ተኝታለች አትበዪኝ፤ ከጀርባሽ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ።

እሳቷ

የካቲት 27

ለእህቴ፣

አኩርፋሽ ነው። ያን ቀን ስለ ቤት ሥራዋ ስለተቆጣሻት ነው፤ ልጅ አይደለች፣ ያልፍላታል። አልታዘዝ ብላኛለች ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፣ በእኔ ፍረጂ።

ስለ ሴትየዋ የጻፍሽውን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማበጠሪያ ያልሽውን በተለይ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ተሳክቶልሻል፤ እኔ ግን በቃሽ እላለሁ። ሴትየዋ ክፉም ብትሆን ልጅ ናት እኮ፤ እናቷ ስታባርራት ማየት ማንንም ያማል።

ድንቡሼ ጥርሷ ወልቋል። የፊተኛው። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ረስቼው ነው።

እህትሽ

ሚያዝያ 8

እትዬ፣ እልል በይ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ያለዚያ አይገባሽም። ወይዘሮ ሕጉ ነው አባርራኝ ነበር። አዎ፣ በዚያው በየካቲት። «የሠራተኛ ቅነሳ» ብላ ቪዛዬን ለሚቆጣጠሩትም አሳውቃ፣ የሁለት ወር ጊዜዬ መቆጠር ጀምሮ ነበር። ስላልነገርኩሽ ይቅር በይኝ። ስልክ ላይ ስስቅልሽ የነበረው የተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ሥራ ፈትቼ ነው። ስንት ቦታ ዞርኩ መሰለሽ! አንዱ ቀጣሪ ስሜን ሳይጠይቀኝ ቪዛዬን ጠየቀኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ሊፕስቲኳ በግማሽ ከንፈር ቀርቶ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሷ!

«እናቴ አልበላም ብላለች» አለችኝ። «ማንም ቢያጎርሳት ትተፋለች። አንቺን ነው የምትጠራው። እባክሽ።»

«ምን ላድርግ?» አልኳት በሩን ይዤ። «የተባረረ ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ድርሽ አይልም። ሕጉ ነው።»

አቤት፣ ፊቷን ብታዪው! ልቤ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ተቀመጪ አላልኳትም፤ የኔን መቆም ብታስታውስ ብዬ ነው፣ ቢሮዋ በር ላይ የቆምኩትን። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «የፈረቃ ኃላፊ አድርጌ ልቅጠርሽ። በዚያ ደረጃ ያለ ሠራተኛ አሁንም ልጁን ማስመጣት ይፈቀድለታል።»

«ይሄ መንገድ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

እትዬ፣ በጥፊ አለማለቴ ድንቡሼን ስላሰብኩ ነው። «መጀመሪያ ፈርመሽ አስገቢ» አልኳት። ከእንግዲህ አንቺ ናት፣ እርስዎ የለም። «ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማኅተም ሳላይ አንድ ማንኪያ አላጎርስም።»

«እስከዚያ ብትሞትብኝስ?»

በሩን ዘጋሁባት። ከዘጋሁ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ተርባ እንደምትጠራኝ አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ እያወቅኩ አልተነሳሁም። እንዲህ ጨካኝ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም ለልጄ ነው ብዬ ቻልኩት። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማኅተሙን ይዛ እየሮጠች መጣች። ስገባ አሮጊቷ ግማሽ ሆናለች። «ትኬት» አለችኝ በቀጭን ድምፅ። ሰጠኋት። አንድ ሳሕን ሾርባ ጨረሰች።

ይኸው ትናንት መልሱ መጣ። ተፈቅዷል! ድንቡሼ ትመጣለች! ፓስፖርቷን ቶሎ አውጪላት። ካፖርት አትስፊላት፣ እዚህ እገዛላታለሁ። ለእሷ አልጋ ገብቶ የሚተርፍ ክፍልም አይቻለሁ፤ መስኮቱ ትምህርት ቤቱን ያሳያል። ለእኔ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብለሽ ነበር?

የደስ ደሷ እህትሽ

ግንቦት 3

ለእህቴ፣

እልል በይ ብለሽኛል፤ አልኩልሽ። ጎረቤት ሰምታ ምን ተገኘ ብትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ፓስፖርቱን አወጣሽ ወይ ብለሽ ሦስቴ በስልክ ጠየቅሽኝ፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኩሽ። አልተቆረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። አላወጣሁም። ድንቡሼ አትመጣም።

«እናትሽ ልትወስድሽ ነው» ብላት «እናቴ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብላ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። እትዬ ነው የምትለኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። አፏን የፈታችው «እማዬ» ብላ እኔን ጠርታ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አርማት ነበር፤ እማዬ ስልኩ ውስጥ ያለችዋ ናት እላት ነበር። ልጅ ስልክ ታቅፎ አይተኛም፤ ደከመኝና ተውኩት። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ግን ደክሞኝ አይደለም። አውቄ ነው። «ዛሬ አልታዘዝ አለች፣ የቤት ሥራዋን አልሠራችም» እያልኩ የምነግርሽ እንድትቆጫት ነው። አንቺ «አጠናሽ? ጥርስሽን ፋቅሽ?» ብለሽ ጮኸሽባት ስልኩን ትዘጊያለሽ፤ ፀጉሯን የምሠራት፣ ጥርሷ ሲወልቅ አብሬያት የሳቅኩት እኔ ነኝ። አንቺው አስተማርሽኝ።

ለምን ትዪኛለሽ። ሊያገባኝ የነበረው ሰው «ልጅቷን ለእናቷ ስትመልሺ» እያለ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ሰለቸውና ሄደ። ስሙን እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ያን ሁሉ ገጽ ስለ ቂምሽ ስትጽፊልኝ፣ እዚህም የሚቀመጥ ቂም አለ ብለሽ አንድ ቀን አላሰብሽም። እኔ ስትሄጂ ዕቃ አልተቀበልኩም፤ ልጅ ነው የተቀበልኩት። አሁን ፈቃድ ወጣ ብለሽ ላኪ ትዪኛለሽ፣ እንደ ፖስታ።

አልልካትም። ብትፈልጊ እርገሚኝ።

እህትሽ

ግንቦት 19

ለልብስ ሰፊዋ፣

እትዬ ብዬ ልጀምር ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ያልጻፍኩት ስድብ የለም፤ ሁሉንም ቀደድኩት። ስለ ሰውየው እውነትሽን ነው፣ አልጠየቅኩሽም። እሱን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገርበታለን፤ የምትይኝን ሁሉ እሰማለሁ። ልጄን ግን በእሱ ልታካክሺያት አትችይም። ደግሞ እኔ የሰው እናት የወሰድኩት የኔን ልጅ ከወሰደችብኝ ሴት ነው። አንቺን ማን ጠላት አደረገሽ?

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሕጉ ነው ቢሮ ገብቼ እሄዳለሁ አልኳት። «አሁን ጥለሽ ከወጣሽ ያንቺም የልጅሽም ፈቃድ ይሰረዛል፤ ሕጉ…» ብላ ጀመረችና አፍራ ዋጠችው። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እጄን ይዛ አለቀሰች። «እናቴን ትገድያታለሽ» አለችኝ። ስንት ወር ሙሉ አልሜው የተኛሁት ነገር ነው፤ እሷ እንዲህ ስታለቅስ ማየት። ቆሜ አየኋት። ምንም አልተሰማኝም። ቁጣዬ በሙሉ አንቺ ጋ ነበር፤ ለእሷ የተረፈ አልነበረኝም።

አሮጊቷ የጋውኔን ኪስ ይዛ «እማዬ፣ መቼ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። ነገ አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አንቱ አልኳቸው መሰለኝ። ይረሱታል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ የውጭው በር ላይ ስደርስም ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ይሄ ዕዳ የኔ ነው፤ ላንቺ አላካፍልሽም።

ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ። ልጄን ይዘሽ ዘመድ ቤት እንዳትሄጂ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩም ቢሆን አገኛታለሁ። በሩን ሳንኳኳ አንቺ ከስፌት መኪናሽ እንዳትነሺ። እሷ ትክፈት። ወደ አንቺ ዞራ «ማናት?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። እኔ እመልስላታለሁ።